የጉልበት መርፌ፦ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

በዛሬው የጤናና የአመጋገብ አምዳችን በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንና አባቶቻችን አብዝተው የሚጠይቁትን አንድ ጉዳይ እንመለከታለን። ይኸውም ለጉልበት ሕመም ማስታገሻ ተብሎ በቀጥታ ወደ ጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ነው። አንዳንዱ "አንድ ጊዜ ተወግቼ ዳንኩ" ይላል። ሌላው ደግሞ "መርፌው አጥንት ያደርቃል" ብሎ ይፈራል። ሁለቱም አባባሎች ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ሙሉውን ግን አንዳቸውም አልያዙም።

ጉዳዩ በተለይ ከፃግብጂ፣ ከሰቆጣና በአጠቃላይ ከዋግ ኽምራ ለሚነሳ ታማሚ ቀላል አይደለም። ስፔሻሊስት ሐኪም ፍለጋ መንገድ መጀመር ማለት ፍየል ሸጦ፣ አስታማሚ ይዞ፣ የእርሻ ወይም የገበያ ቀን አጥፎ መሄድ ማለት ነው። በመሆኑም ቤተሰቡ ከመነሳቱ በፊት መርፌው ምን እንደሚሠራ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራና ለማን እንደማይሆን ማወቁ ገንዘብንም ጤናንም ያድናል።

የጉልበት አርትራይተስ ምንድን ነው?

ጉልበት የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና በተለምዶ "ሎሚ" የምንለው ክብ አጥንት የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ ልስልስ ባለ ልም አጥንት የተሸፈነ ሲሆን፣ በመካከላቸው እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። ዙሪያውን ደግሞ ፈሳሹን የሚያመነጭ ስስ ሽፋን ይገኛል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ጉልበት በተደጋጋሚ ሲጎዳ ወይም ከአቅሙ በላይ ሸክም ሲበዛበት ልም አጥንቱ ይሳሳል፣ ይሻክራል። ሽፋኑም ይቆጣል፣ ፈሳሽ ይበዛል፣ ጉልበት ያብጣል። ይህ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ጉልበት ለጥቂት ደቂቃ ይያዛል፤ ሲንቀሳቀሱ ይፈታል። ቁልቁለት ሲወርዱና ተቀምጠው ሲነሱ ያማል። ሲታጠፍ ይንቋቋል። ሕመሙ አንድ ወቅት ይብሳል፣ ሌላ ወቅት ደግሞ ይበርዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከኦስቲዮአርትራይተስ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 73 በመቶ የሚሆኑት ከ55 ዓመት በላይ ሲሆኑ፣ 60 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። በዚህ በሽታ ከሁሉም መገጣጠሚያ ይበልጥ የሚጠቃውም ጉልበት ሲሆን፣ የተጠቁት ሰዎች ቁጥር 365 ሚሊዮን ይደርሳል።

የተራራ አገር ሰው ጉልበት

የዋግ መሬት ከሰቆጣ ደጋ ተነስቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ውኃ ከታች ይቀዳል፤ ቤት ከላይ ነው። እንጨት ከሩቅ ይለቀማል፤ እህል በጀርባ ይጓጓዛል። ሜዳ ላይ በሚራመድ ሰው ጉልበት ላይ እንኳን ከሰውነቱ ክብደት በላይ ጫና ያርፋል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ጫናው በብዙ ይጨምራል። በዚህ ላይ ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን ሲታከልበት፣ ለዓመታት እንዲህ የሠራች እናት ጉልበት ለምን እንደሚታመም ለመረዳት አያዳግትም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ስለ ጉልበት ሕመም የሚጻፉ ብዙ ምክሮች "ክብደት ቀንሱ" በማለት ይጀምራሉ። ይህ ምክር ከመጠን በላይ ለወፈረ ሰው እጅግ ትክክል ነው። በአሜሪካ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት፣ የሚቀንሰው እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሳ አሳይቷል። ነገር ግን ለፃግብጂ ገበሬ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሰውነቱ ውፍረት ሳይሆን የሚሸከመው ሸክምና የጡንቻው መሳሳት ነው። የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማስወገድ መንግሥት በ2007 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ቃል ኪዳን "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ተብሎ መሰየሙም አካባቢው የሚታወቀው በውፍረት ሳይሆን በምግብ እጥረት መሆኑን ያስታውሰናል። ስለዚህ ለእርሱ የሚበጀው ምክር ሸክሙን ለአህያ መስጠትና ጡንቻውን በምግብና በእንቅስቃሴ መገንባት ነው።

ስቴሮይድ ምንድን ነው?

ስቴሮይድ ስንል እዚህ ላይ ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለውን የመድኃኒት ዓይነት ማለታችን ነው። ሰውነታችን ራሱ ከኩላሊት በላይ ባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። መድኃኒቱ ከዚህ ሆርሞን ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ ዋና ሥራው ብግነትን ማብረድ ነው። ስፖርተኞች ጡንቻ ለማሳበጥ በሕገወጥ መንገድ ከሚወስዱት ስቴሮይድ ጋር ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሥራው የተለየ ነው።

በአሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ኮርቲዞንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ ሰጡ። ለዚህ ሥራ ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይሽታይን ጋር እ.ኤ.አ. የ1950ን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት እንደሚያሳሳ፣ ስኳርና የደም ግፊት እንደሚያመጣ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1951 ጆሴፍ ሆላንደር የተባሉ የፊላደልፊያ ሐኪም መድኃኒቱን በመላ ሰውነት ከማሰራጨት ይልቅ በታመመው መገጣጠሚያ ውስጥ ብቻ መውጋት እንደሚቻል ሪፖርት አደረጉ። ዛሬ የምናውቀው የጉልበት መርፌ መነሻ ይኸው ነው።

በአሁኑ ጊዜ ለዚህ ሕክምና በብዛት የሚያገለግሉት ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሲቴትና ትራያምሲኖሎን የተባሉት ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ "ዴፖ-ሜድሮል" በሚለው፣ ሁለተኛው ደግሞ "ኬናሎግ" በሚለው የንግድ ስም ይታወቃል። እነዚህ መድኃኒቶች ቶሎ የማይሟሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስላሏቸው በመገጣጠሚያው ውስጥ ቆየት ብለው ይሠራሉ።

መርፌው እንዴት ይሰጣል?

አሰጣጡ ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ጉልበቱን ይመረምራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ራጅ ያዛል። ከዚያም ቆዳውን በፀረ-ተሕዋስያን ፈሳሽ ያጸዳል። ጉልበቱ ውኃ ከቋጠረ አስቀድሞ በመርፌ ይቀዳዋል። ፈሳሹ ደፍርሶ ወይም መግል መስሎ ከታየ ስቴሮይዱን አይወጋም፤ ወደ ላቦራቶሪ ይልከዋል። ፈሳሹ ንጹሕ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ ከማደንዘዣ ጋር ቀላቅሎ ይወጋል። መርፌው አዲስ፣ የሚወጋው እጅ ጓንት ያጠለቀ፣ ቦታውም ንጹሕ መሆን አለበት።

ከዚህ እንደምንረዳው ይህ መርፌ በገበያ ቀን በመድኃኒት መደብር ጓዳ፣ ወይም ቤት ለቤት በሚዞር "መርፌ ወጊ" የሚሰጥ አይደለም። የጉልበት መገጣጠሚያ ውስጡ ከተሕዋስያን የጸዳ ቦታ ነው። ጀርም አንዴ ከገባበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ሊያወድመውና ሰውየውን ዘላቂ አካል ጉዳተኛ ሊያደርገው ይችላል። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ይህ አደጋ የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ፣ ከብዙ ሺህ መርፌዎች በአንዱ ነው።

ምን ያህል ይረዳል? ለስንት ጊዜስ?

የአንባቢዎቻችን ዋና ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም ግልጽ ነው፦ መርፌው ሕመምን ለሳምንታት ያስታግሳል፤ በሽታውን ግን አያድንም።

ብዙ ታማሚዎች ከተወጉ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እፎይታ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኮክሬን ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችንና ከ1,700 በላይ ታማሚዎችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ጥቅሙ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ መካከለኛ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አነስ ያለ፣ በሦስት ወር ጥቂት፣ በስድስት ወር ደግሞ ከናካቴው የሌለ ሆኖ አግኝተውታል። የብዙዎቹ ጥናቶች ጥራት ዝቅተኛ በመሆኑም ውጤቱን በጥንቃቄ እንዲታይ አሳስበዋል።

"ታዲያ በየጊዜው እየደጋገምኩ ብወጋስ?" የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በአሜሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት 140 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በየሦስት ወሩ ስቴሮይድ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ተራ የጨው ውኃ በጉልበታቸው ውስጥ ለሁለት ዓመት ወጋ። በመጨረሻም በሕመም ስሜት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ስቴሮይድ የተወጉት ግን ልም አጥንታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። "አጥንት ያደርቃል" የሚለው ስጋት ከመሬት ያልተነሳ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አንድ መርፌ አጥንት አያደርቅም፤ ለዓመታት ያለማቋረጥ መደጋገም ግን ልም አጥንትን ሊጎዳ ይችላል። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች በአንድ ጉልበት ላይ በሁለት መርፌዎች መካከል ቢያንስ የሦስት ወር ልዩነት እንዲኖር ይፈልጋሉ፤ በዓመትም ከሦስት ወይም ከአራት እንዳይበልጥ ያደርጋሉ።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ነው። 156 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ታማሚዎች ግማሾቹ የስቴሮይድ መርፌ፣ ግማሾቹ ፊዚዮቴራፒ ማለትም በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕመምም ሆነ በእንቅስቃሴ ችሎታ የተሻሉት ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ነበሩ። ይህ ለኛ ትልቅ መልእክት አለው። እንቅስቃሴ ለመሥራት መድኃኒት ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ሰቆጣም ሆነ ፃግብጂ፣ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጦ ይሠራል።

ታዲያ መርፌው ምን ቦታ አለው? ጉልበቱ አብጦ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ነስቶ፣ እንቅስቃሴ እንኳን መጀመር ላቃተው ሰው በር ይከፍታል። እንበልና አንዲት የ60 ዓመት እናት ጉልበታቸው አብጦ ከቤት መውጣት አቅቷቸዋል። መርፌው ለስድስት ሳምንት ሕመሙን ቢያበርድላቸው፣ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት የጭን ጡንቻቸውን ካጠነከሩ እፎይታው ከመርፌው ጊዜ በላይ ሊዘልቅ ይችላል። "ዳንኩ" ብለው ያንኑ ሸክም ተሸክመው ያንኑ ቁልቁለት መውረድ ከጀመሩ ግን በሦስተኛው ወር ከነበሩበት ይመለሳሉ።

"መርፌ" ሁሉ አንድ አይደለም

በአካባቢያችን ከክኒን ይልቅ መርፌ ያድናል የሚል እምነት አለ። በዚህም የተነሳ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ይታያል።

አንደኛው በመቀመጫ ላይ የሚወጋው ዲክሎፌናክ ነው። ይህ ስቴሮይድ አይደለም፤ ለሰዓታት ብቻ የሚሠራ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሲደጋገም ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትን ሊጎዳና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በጉልበት ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ቅባት ግን ለጉልበት ሕመም ቀድሞ ከሚመከሩት አንዱ ነው፤ ለጨጓራም የተሻለ ነው።

ሁለተኛው በክኒን ወይም በመቀመጫ መርፌ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ነው። እነዚህ ስቴሮይዶች ናቸው፤ ለብዙ ከባድ በሽታዎችም ሕይወት አድን ናቸው። ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ "ቁርጥማት ያቆማል፣ ያወፍራል" እየተባለ ለወራት ሲወሰዱ ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይነሳል፣ ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙን ያጣል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ማቋረጡም ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ቀስ በቀስ በሐኪም ክትትል ማቆም አለበት።

ሦስተኛው የዛሬው ርእሳችን የሆነው፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድ ነው። ስለዚህ ሊወጋችሁ የተዘጋጀን ባለሙያ "የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? የሚወጋውስ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙንም በወረቀት አስጽፋችሁ ያዙ። ሌላ ቦታ ስትታከሙ ይጠቅማችኋል።

የጉልበት ሕመም ሁሉ ኦስቲዮአርትራይተስ አይደለም

ጉልበቱ በድንገት ያበጠ፣ የቀላ፣ የሞቀ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ያለበት ሰው መገጣጠሚያው በጀርም ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በዚህ ሁኔታ ስቴሮይድ መውጋት በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢ ቀስ እያለ ለወራት የሚያሳብጥ ሲሆን፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ሊኖረው ይችላል። ፍየልና ከብት በሚረባበት እንደ ዋግ ባለ አካባቢ ደግሞ ብሩሴሎሲስ መዘንጋት የለበትም። በሽታው ካልተፈላ ወተትና ከሚጨነግፉ እንስሳት የሚተላለፍ ሲሆን፣ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ሁለቱም በፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናሉ፤ በስቴሮይድ ግን ይብሳሉ።

የሁለቱም እጅ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች የሚያብጡበትና ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያዙበት ሰው ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆንበት ስለሚችል የተለየ የዘወትር መድኃኒት ያስፈልገዋል። እግሩ ሳያብጥ እየደረቀና እየከዳው የመጣ ሰው ደግሞ በድርቅ ወቅት ጓያ አብዝቶ በልቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ ደላንታና ዳውንት አካባቢ ብዙ ሰዎችን ያሽመደመደው የጓያ ጣጣ ጉዳቱ በነርቭ ላይ ነው። ለዚህ የጉልበት መርፌ ምንም አይፈይድም።

መርፌው የማይሰጣቸው ወይም ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

በሰውነታቸው ውስጥ ኢንፌክሽን ያለባቸው፣ በሚወጋበት ቦታ ላይ ቁስል ያለባቸውና በጉልበቱ አካባቢ ስብራት ያለባቸው ሰዎች አይወጉም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር። የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ በምስጢር ማሳወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት ስቴሮይዱ በሰውነት ውስጥ እንዲከማች አድርጎ ከባድ ጉዳት ያስከትላል። የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ መወጋት የለበትም፤ የኢንፌክሽን አደጋ ይጨምራልና።

የስኳር ታማሚዎች በተለይ ልብ ሊሉ ይገባል። መርፌው በጉልበት ቢወጋም የተወሰነው ወደ ደም ይገባል። በዚህም ምክንያት ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሳምንት የደም ስኳር ከፍ ይላል። ስለዚህ ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው አስቀድሞ ያስተካክል፤ ከተወጋ በኋላም ቶሎ ቶሎ ይለካ።

ጾምና ሶላት

በረመዳን መርፌ መወጋት ጾም ያፈርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው፣ ምግብነት የሌላቸው የሕክምና መርፌዎች ጾምን እንደማያፈርሱ ወስኗል። የጉልበት መርፌ ምግብ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሕክምና አንጻር የስኳር ታማሚ መርፌውን ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል። ስኳሩ ከፍ ሲል ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፤ ሳይጠጣ ሲውል ደግሞ ሰውነቱ ይደርቃል። በሽተኛ የተፈቀደለትን ማቅለያ በተመለከተ ሐኪሙንና የአካባቢውን ዓሊም አማክሮ ይወስን።

ሶላትን በተመለከተም ጉልበታቸው እየተሰነጠቀ በግድ ሱጁድ የሚወርዱ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ያልቻለ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሱጁዱን ከሩኩዑ ይበልጥ ዝቅ በማድረግ መስገድ እንደሚፈቀድለት ይታወቃል። የሚችለውን ያህል በቁም፣ ያልቻለውን በመቀመጥ ማለት ነው። ሕመሙ ቀለል ያለለት ሰው ደግሞ ከጉልበቱ ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ አጥፎ ቢያነጥፍና ሲነሳ በእጁ ቢደገፍ ይረዳዋል። የመስጊድ አስተባባሪዎችም ከሰልፉ ጠርዝ ጥቂት ወንበሮችን ቢያዘጋጁ ለአባቶቻችን ትልቅ እፎይታ ነው።

ከተወጉ በኋላ

ከተወጉ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ከባድ ሥራና ረጅም መንገድ መተው ይገባል። ከሰቆጣ ወደ ገጠር በእግር የሚመለስ ታማሚ ከተማ አድሮ ቢሄድ ወይም በቅሎ ቢጠቀም ይሻላል። አንዳንድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ብሶበት ይታያል፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ሲያዝበት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ፊት ሊቀላ፣ ለአንድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሊጠፋም ይችላል። በተወጋው ቦታ ላይ ቆዳው ሊነጣ ወይም ሊሰረጉድ ይችላል፤ ይህ በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ሕመሙ ከሦስት ቀን በኋላም እየጨመረ ከሄደ፣ ጉልበቱ ከቀላና ከሞቀ፣ ወይም ትኩሳት ከተሰማ ግን "መርፌው እየሠራ ነው" ብሎ መጠበቅ አይገባም። ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

ያለ መርፌ በቤት ውስጥ የሚደረግ

1ኛ. የጭን ጡንቻ ማጠንከር። መደብ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ እስከ አምስት ቆጥሮ ቀስ ብሎ ማውረድ። ለእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከዚህ ሌላ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን በየቀኑ መለማመድ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢያም አይጎዳም፤ ሕመሙ ሌላ ቀን ድረስ ከቆየ ግን ቁጥሩን መቀነስ ነው።

2ኛ. ከዘራ መያዝ። የሚያመው የቀኝ ጉልበት ከሆነ ከዘራው በግራ እጅ ይያዛል። ብዙዎች በተቃራኒው ይይዛሉ።

3ኛ. ሸክምን መከፋፈል። ውኃውን በሁለት ምልልስ በትናንሽ ጄሪካን ማምጣት፣ በአህያ መጫን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጣቶች የእናቶቻቸውን ሸክም መቀበል።

4ኛ. አመጋገብ። ያለቀ ልም አጥንትን መልሶ የሚያበቅል ምግብ የለም፤ እንዲህ እያሉ የሚሸጡትን አትመኑ። ነገር ግን ጡንቻ ያለ ገንቢ ምግብ አይጠነክርም። ማሽላ ወይም ጤፍ እንጀራን ከምስር፣ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር መመገብ፣ ሲገኝ እንቁላልና የተፈላ የፍየል ወተት መጨመር ጠቃሚ ነው። ጎመንና ሰሊጥም ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም አላቸው። የጠዋት ፀሐይ ደግሞ ለቫይታሚን ዲ ይረዳል። ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራና ወፈር ያለ ሰው ስኳርና ቅባት ይቀንስ።

5ኛ. ወጌሻና ዋግምት። ያበጠና የጋለ ጉልበትን ማሸት ወይም መብጣት ጀርም ሊያስገባ ይችላልና ከመርማሪ ሐኪም በፊት አይሞከር።

የት እንሂድ?

በቅድሚያ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰውም የሪፈር ወረቀቱን ከዚያው ማግኘት አለበት፤ በቀጥታ ሲሄድ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከጤና ጣቢያ ቀጥሎ ያለው በሰቆጣ የሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። የአጥንት ስፔሻሊስት ያስፈልጋል ከተባለ ወልዲያ፣ ደሴ ወይም በባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ይከተላሉ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት የዋግ ኽምራ ጤና ተቋማት ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከፃግብጂና ከአበርገሌም ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በዚህ መካከል ክትትላቸው የተቋረጠ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎች ስለ ጉልበታቸው ሲሄዱ እነዚህንም አብረው ያስለኩ።

ሆስፒታል ስትደርሱ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። ሕመሜ በእርግጥ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው? እንቅስቃሴና ቅባት ሞክሬ በቂ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ? የሚወጋው መድኃኒት ስሙ ማን ነው? ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተወግቻለሁ? ከተወጋሁ በኋላ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ልሥራ? እናታችሁ ወይም አባታችሁ ኽምጣና ብቻ የሚናገሩ ከሆነ የሚያስተረጉም ቤተሰብ አብሮ ይግባ። ሕመሙ የት እንደሆነና መቼ እንደሚብስ በትክክል ካልተነገረ ሐኪሙ በግምት ለመሥራት ይገደዳል።

ውድ አንባቢያን፣ ለማጠቃለል ያህል፦ የጉልበት ስቴሮይድ መርፌ ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው እጅ፣ አልፎ አልፎ ሲሰጥ የሚጠቅም ማስታገሻ ነው። ዘላቂ ፈውስ አይደለም፤ ተደጋግሞ ሊወሰድ የሚገባውም አይደለም። ያቺን ፍየል ከመሸጣችሁ በፊት የጭን ጡንቻ እንቅስቃሴውን ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሞክሩ፤ ሸክሙንም ቀንሱ። ትኩሳት ያለበትና የቀላ ጉልበት ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳን አትጠብቁ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።